አንቀልባው በውሻ ጀርባ

ወይዘሮ ኤልፍነሽ መጀመሪያ ያዩት ዛጎሉን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሶፋው ላይ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያማቸውን እየደገሙ ሳለ ያ ውሻ ከመኝታ ክፍል ወጣ፤ ደረቱ ላይ ነጫጭ ዛጎል ተደርድሮበታል። ውሻንና ዛጎልን ምን አገናኛቸው ብለው መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። ቀጥሎ ጠፍሩን አዩ። ከጠፍሩ ቀጥሎ ቆዳውን ለዩት፤ ቆዳውን ሲለዩት ጸሎቱ አፋቸው ላይ ቀረ።

የገዛ አንቀልባቸው ነው። ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ያዘሉበት፣ በመጨረሻም መቅደስን ያዘሉበት፣ ለልጅ ልጅ ይሆናል ብለው በቅቤ አሽተው፣ የረገፈውን ዛጎል አስተክለው ከደብረ ብርሃን እስከ ቶሮንቶ በሻንጣ ያመጡት አንቀልባ! መሐሉ በመቀስ ተከፍቶ የውሻው አንገት ገብቶበታል። ጠፍሮቹ በብብቱ ሥር ዞረው ጀርባው ላይ በወፍራም ክር ተሰፍተዋል። ውሻው ደግሞ የክት ልብሱን እንደለበሰ ሰው ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

“በስመ ሥላሴ! ምንድን ነው ይኼ?”

መቅደስ ከውሻው ኋላ ብቅ አለች። ሁለት ረጃጅም የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ አቅፋለች፤ ወገቧ ላይ ነጭ መቀነት ጠምጥማለች። እሱም የእሳቸው ነው። አራስ ልጃቸው ወገቧን ትታሰርበት ብለው በእጃቸው ፈትለው ያሸመኑት መቀነት።

“ሃርነስ ነው፣ እማዬ፤ የውሻ መጎተቻ። አትጩሂ፤ ጎረቤት ይሰማል፤” አለች።

ይስማ! ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ያለው ይኼ ሕንጻ እንደሆነ ከላይ እስከ ታች ሲጮህ ነው የሚውለው፤ ከሰባተኛ ፎቅ ሙዚቃ፣ ከዘጠነኛ ፎቅ የባልና ሚስት ጠብ። የእሳቸው ጩኸት ሲሆን ነው ነውር የሚሆነው?

ነገሩ ግን ከአንቀልባው አይጀምርም፤ ከኤርፖርቱ ነው የሚጀምረው።

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ባለፈው ሰኔ የመጡት የልጃቸውን አራስ ቤት ሊይዙ ነበር። የቪዛው ነገር ተጓትቶ ተጓትቶ ሲያልቅ፣ ምጡ እንዳይቀድመኝ ብለው እየጸለዩ ነው የበረሩት። ኤርፖርት ላይ መቅደስ በስስ ቀሚስ ቆማ አዩአት፤ ሆዷ የለም። ወልዳለች ማለት ነው! ሻንጣቸውን እዚያው ጣሉና እልልታቸውን ለቀቁት። ፈረንጁ ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው፣ ፖሊስ ሳይቀር አንገቱን እስኪያሰግግ ድረስ እልል አሉ። አማቻቸው ማኑ የገዛ ጫማውን ያያል። መቅደስ ጉንጫቸውን ሳመችና “መንገዱ እንዴት ነበር?” አለች።

ቤት ሲገቡ መቅደስ መታጠቢያ ክፍል ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ያን ጊዜ ማኑ ነገራቸው፤ ጽንሱ በሰባት ወሩ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ሆዷ ውስጥ እንደሞተ፤ ሆስፒታል ገብታ እንደተገላገለች። “ደም ብዛት ስላለብዎት ነው በስልክ ያልነገርንዎት፣ እማማ፤” አለ።

ደም ብዛት! ባላቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ሲቀብሩ ያው ደም ብዛት አብሯቸው ነበር። ለቅሶ ቤት አብሯቸው ተቀምጦ፣ አብሯቸው ንፍሮ በልቶ ተመልሷል። የሚገድላቸው ቢሆን ኖሮ ያኔ ይገድላቸው ነበር።

መርዶ መደበቅ የእሳቸውም አገር ወግ ነው፤ እሳቸውም በጊዜያቸው ስንቱን ሰው ደብቀዋል። ግን መርዶ ይቆያል እንጂ አይቀርም። ማለዳ፣ ሰው ወደየጉዳዩ ሳይበተን፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። አንዱ ይናገራል፣ አንዷ ትደግፋለች፣ ከዚያ ይለቀሳል። የእሳቸውን በር ማን አንኳኳ? በእልልታው ፋንታ አንድ ቀን እንኳ በወጉ ሳያለቅሱ ሙቀቱም አለፈ፣ ቅጠሉም ረገፈ፣ በረዶውም መጣ። መቅደስም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ምን ሆነሽ ነበር፣ ማን አጠገብሽ ነበር፣ ምን አሉሽ ሲሏት “እማዬ፣ በቃ፤ አልፏል” ትላለች። አልፏል! የእሳቸውን ደጃፍ ሳይረግጥ በየት በኩል አለፈ?

ወይዘሮ ኤልፍነሽ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጃቸው የሆነችውን ሁሉ ነግራቸው አብረው እንዲያለቅሱ። ከዚያ በኋላ አገራቸው ይመለሱም፣ እዚሁ ይቀመጡም ግድ አልነበራቸውም። በዚህ ፋንታ ያገኙት ውሻ ነው።

ማኑ ታክሲ ነው የሚነዳው። በፋሲካ ሰሞን፣ መቅደስ ከአልጋዬ አልነሳም ባለች ጊዜ፣ ወደ ቫንኩቨር የሚሄድ ደንበኛው ውሻዬን የሚወስድልኝ ሰው አጣሁ ቢለው ይዞት መጣ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ሲደርሱ እንግዲህ ውሻው ቀድሟቸው ገብቷል። ስሙ ኦስካር ነው ይላሉ፤ እሳቸው በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ውሻ ቤት ይጠብቃል እንጂ ቤት አይቀመጥም። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ምን ሊጠብቅ? ሌባ በመስኮት አይመጣ! የማርያም ሥዕል ፊት በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን ያሳክካል። መቅደስም ለእናቷ የነፈገችውን ወሬ ሁሉ ለእሱ ስታወራ ታመሻለች፤ እሱንም በእንግሊዝኛ።

አሁን ደግሞ አንቀልባ አለበሰችው!

“አውልቂው፤” አሉ ወይዘሮ ኤልፍነሽ።

“አላወልቅም። ስንት ቀን ሙሉ ነው የሰፋሁት።”

“አውልቂው አልኩሽ! የልጅ ማዘያ ነው እኮ! እናንተን ያሳደግሁበት ነው!”

“እማዬ፣ ስሚኝ።” መቅደስ ስኪዎቹን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ለሕጻን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ ጀመረች። “ስኪ በውሻ ይባላል። እሱ ይጎትተኛል፣ እኔ በረዶው ላይ እንሸራተታለሁ። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ውሻው ሃርነስ ይለብሳል፤ እኔ ቀበቶ እታጠቃለሁ፤ በመሐላችን የሚለጠጥ ገመድ ይገባል፣ ሲፈተለክ ወገቤን እንዳይሰብረኝ። ካሪን ናት ያሳየችኝ፤ አረጋውያን ቤት አብራኝ የምትሠራው ፊንላንዳዊቷ። የእሷ ውሻ ሃርነስ ከሱቅ የተገዛ ነው። ጉሮሮው ላይ አይደለም የሚያርፈው፤ ሰፋ ብሎ ደረቱ ላይ ነው፣ ሲጎትት እንዳያንቀው። ሳየው፣ ይኼማ አንቀልባ ነው አልኩ።”

“አንቺ ነሽ ይኼን ያልሽው?”

“አዎ። ገመዱ ደግሞ የማኑ ነው፤ ታክሲው ላይ ሻንጣ የሚያስርበት ላስቲክ።”

“ይኼ ሁሉ ሱቅ ባለበት አገር ቆዳ አጣሽ?”

“ቆዳ አላጣሁም።”

“ታዲያ ምነው? ምን በደልኩሽ?”

መቅደስ የውሻውን ጆሮ አሻሸች። “ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ባዶውን ያየኛል፤” አለች። “መጣል አልቻልኩም። ማየትም አልቻልኩም። በመጨረሻ ያዘለው እኔን አይደል? እኔኑ ይጎትት።”

ቃሉ ወይዘሮ ኤልፍነሽን ነካ አድርጓቸው ነበር። ግን የተቆጣ ሰው ጆሮው ጠባብ ነው። “ለሽማግሌ እናገራለሁ!” አሉ።

“ንገሪ።”

ስኪዋን አቅፋ፣ ውሻዋን አስከትላ ወጣች። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ሊፍቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰሙ። አንቀልባቸው በሊፍት ወደ ምድር ወረደ።

ስልኩን አንሥተው አቶ ሰብስቤ ዘንድ ደወሉ። አቶ ሰብስቤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ ባልና ሚስት ከተጣሉ፣ ማኅበር ከተበጣበጠ፣ ቤት አከራይና ተከራይ ከተካሰሱ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ነገሩን ከዛጎሉ እስከ ጠፍሩ አንድ ባንድ ነገሯቸው። አቶ ሰብስቤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና “ከባድ ነገር ነው፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እናየዋለን” አሉ። ለመቅደስም ደውለው ኖሮ፣ “ዳኝነት ከሆነ ፓርክ ይምጡ፣ ጋሼ። ከእሁድ በቀር ሙሉ ቀን ከሥራ ኦፍ የለኝም” ብላቸዋለች።

ማታ ማኑ ከሥራ ሲገባ ነገሩን ሰምቶት ነበር። ካፖርቱን ሳያወልቅ አጠገባቸው ተንበረከከ። “እማማ፣ እባክዎን ይተዉላት። እኔም ሳየው ከብዶኛል። ግን ከዚህ ውሻ ጋር ወጥታ ነው ሰው የሆነችው። እኔ ምግብ ብላት አትሰማኝ፣ ውጭ እንውጣ ብላት አትሰማኝ... እሱ በሩን ሲቧጥጥ ግን ትነሳለች።”

“እሷ በውሻ ዳነች። እኔስ በምን ልዳን?” አሉት።

ማኑ ተነሥቶ ካፖርቱን አወለቀ። ራት ላቅርብልዎት ወይ አላቸው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ሰብስቤ መኪናቸውን አስነሡ። ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ለብሰዋል፣ ባርኔጣ ደፍተዋል፣ ጥቁር ቆዳ ጫማቸው ያብለጨልጫል። ዳኝነት ነውና። የኤግሊንተን ዌስትን ሱቆች አልፈው ወደ ሰሜን ሲያቀኑ፣ ወይዘሮ ኤልፍነሽ ንግግራቸውን እያሰናዱ ነበር። ምን ብለው ይጀምሩ? ከአንቀልባው ወይስ ከመቀነቱ?

“ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣” አሉ አቶ ሰብስቤ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ “ቀስ ብለን ነው የምንይዘው። ልጅቷ ብዙ ነገር አሳልፋለች።”

“ማሳለፏን ማን ነገረዎ?”

የመኪናው መጥረጊያ መስተዋቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረገ። አቶ ሰብስቤ ቃል እንዳመለጣቸው ያወቁት አሁን ነው።

“ያኔ... ሚያዝያ ላይ፣ ማኑ አማክሮን ነበር።”

“እናንተን? እነማንን?”

“እኔን፣ መምሬን፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶቹን፣ እነ ወይዘሮ ጠጂቱን። ቪዛቸው ሊወጣ ነው፣ ይነገራቸው ወይስ ይምጡ ብሎ። እኛም ሩቅ አገር ብቻቸውን ከሚሰሙ ይምጡና በወጉ ይነገራቸው አልን። ልንነግርዎም ነበር። የሚነግሩትንም ሰዎች መርጠን ነበር። በኋላ ግን ማኑ አላስችል ብሎት በመጡበት ቀን ነገረዎ።”

“እሺ። ነገረኝ። ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ መጥቶ ማስተዛዘን፣ አብሮ መቀመጥ የለም?”

“እሱንም አስበን ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ማለዳ እንሂድ ተባባልን። ግን አንዱ የሌሊት ሺፍት፣ አንዷ የጠዋት ሺፍት... የሁላችንም ኦፍ አልገጥም አለ። ዛሬ ነገ ስንል ጊዜው ሄደ። ከቆየ ደግሞ ሄዶ ቁስል መቀስቀስ ምን ያደርጋል ተባለና...”

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ወደ መስኮቱ ዞሩ። አሁን ገባቸው። በቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ሲስሟቸው ትከሻቸውን የሚያሻሿቸው፣ “አይዞዎት” ብለው ምክንያቱን የማይጨምሩት ለካ ይኼ ኖሯል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። እልል ማለታቸውንም ሳይሰማ አይቀርም።

“ለመርዶ ኮሚቴ አቋቁማችሁ፣” አሉ፣ “ጉባኤው አልሞላ ብሏችሁ ተዋችሁት!”

“ወይዘሮ ኤልፍነሽ...”

“ዝም ብለው ይንዱ! ልጄን በአንቀልባ ልከሳት ነው ይዤዎት የመጣሁት፤ ለካ የሚከሰሰው ከጎኔ ተቀምጦ ይነዳል!”

አቶ ሰብስቤ ነዱ።

ፓርኩ ከጄን ኤንድ ፊንች ሕንጻዎች ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ወንዝ ያለበት ሸለቆ ውስጥ ነው። በረዶው ተከምሯል፤ ሰው በስኪም በእግሩም ይመላለሳል። መቅደስ ዛፍ ሥር ቆማ አገኟት። ስኪዎቹን አጥልቃለች፤ ከመቀነቷ የተቋጠረው ላስቲክ መሬት ለመሬት ሄዶ ውሻው ጀርባ ላይ ካለው ማሰሪያ ገብቷል። ውሻው ሁለቱን ሲያይ ጅራቱን ቆላ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ፊታቸውን አዞሩበት።

አቶ ሰብስቤ ጫማቸው በረዶ ውስጥ ሰጥሞ፣ አንዴ ወደ እናት አንዴ ወደ ልጅ እያዩ ቆሙ። በመኪና ውስጥ የተወረወረባቸው ነገር ገና አልወጣላቸውም። ግን የለመዱት ነውና ጀመሩ።

“ልጄ መቅደስ፣ እናትሽ ከሰውሻል። የልጅ ማዘያ ለውሻ፣ የአራስ መቀነት ለመጎተቻ አድርገሽብኛል ነው የሚሉት። ምን ትያለሽ?”

“እውነት ነው፣ ጋሼ። አድርጌያለሁ።”

“እ...” አቶ ሰብስቤ እንዲህ ቶሎ የሚያምን ተከሳሽ አልገጠማቸውም። መቀነቱን በጣታቸው አመለከቱ። “ይኼ፣ ለመሆኑ ቢጎትትሽ ይፈታል?”

“የካሪን ቀበቶ ነው የሚፈታው። ዳሌ ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ አንድ ማሰሪያ ሳብ ሲያደርጉት ገመዱ ወዲያው ይለቃል። ይኼ ግን ያው መቀነት ነው፤ አዙሬ አዙሬ ቋጥሬዋለሁ። ግድ የለም፤ ኦስካር ቁም ሲሉት ይቆማል።”

መቀነት እንዳይፈታ ነው የሚታሰረው፤ ወይዘሮ ኤልፍነሽ ይኼን ያውቃሉ፣ ልጃቸውም ታውቃለች። ሴት ልጅ መቀነቷን ጠዋት ትቋጥራለች፣ ማታ ትፈታለች፤ በመሐል ውሻ ይጎትተኛል ብላ የምታስብ የለችም። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁጣቸው ግን አፋቸውን መልሶ ዘጋው። እሷ ታውቃለች፣ ፈረንጇ አስተምራት የለ!

“ላሳያችሁ፤” አለች መቅደስ። “ከዚያ ፍረዱ።”

ለውሻው አንድ ቃል ጮኸችለት። ውሻው ደረቱን ዝቅ አድርጎ ገፋ፤ ላስቲኩ ተለጠጠ፤ መቅደስ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ሄደች። ነገሩ እንደ ማንኛውም ስኪ መስሏቸው ነበር። አልነበረም። ልጅቷ ትበራለች። ሜዳውን ዞራ ፊቷን ወደ እነሱ ስትመልስ ወይዘሮ ኤልፍነሽ ጥርሷን አዩት። እየሳቀች ነው። ከሰኔ ጀምረው ይኼን ጥርስ ፈልገው ነበር፤ በገንፎ ፈልገውት፣ በቀልድ ፈልገውት፣ በጸሎት ፈልገውት አላገኙትም። እና ለውሻ ሰጠችው! ደስ ይበላቸው ወይስ ይቆጡ አላወቁም፤ ሁለቱንም ሆኑ፣ ቁጣው ግን በለጠ።

ያን ጊዜ ስኩረል የሚሏት ጭራ ጎፈሬ የዛፍ አይጥ ከዛፍ ወረደች።

ውሻው አንገቱን ቀና አደረገ። መቅደስ “ኖ! ኦስካር፣ ኖ!” ስትል ይሰማል። ቁም ሲሉት ይቆማል የተባለው ውሻ መንገዱን ጥሎ ወደ ወንዙ ቁልቁለት ተወረወረ። መቅደስ በሁለት እጇ መቀነቷን ትታገላለች፤ ቋጠሮው በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል። አንዱ ስኪዋ ወለቀ። ወደቀች። ውሻው አልቆመም፤ በጎኗ እየጎተታት ቁልቁል ወሰዳት፣ ላስቲኩ የቁጥቋጦ ግንድ ላይ ተጠምጥሞ እስኪያስቆማቸው ድረስ።

ወይዘሮ ኤልፍነሽ መሮጣቸውን አላወቁም። በረዶው እስከ ጉልበታቸው ይውጣቸዋል፤ ነጠላቸው የሆነ ቦታ ወደቀ። አቶ ሰብስቤ ከኋላ “ቀስ ይበሉ! ደም ብዛትዎን!” እያሉ ሲከተሉ ቆዳ ጫማቸው ከዳቸውና በመቀመጫቸው ተንሸራተቱ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ዞር ብለውም አላዩአቸው።

መቅደስ በጎኗ ወድቃለች። መቀነቱ ሆዷ ውስጥ እስኪሰምጥ ጠብቆባት ትንፋሿ ያጥራል። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ተንበርክከው ቋጠሮውን ያዙ። ጣታቸው ደንዝዟል፤ ክሩ ረጥቦ ድንጋይ ሆኗል። ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው ያዙት። አወዛወዙት፣ ነከሱት፣ ጎተቱት፤ ላላ። መቀነቱን አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር እያሉ ከልጃቸው ወገብ ላይ ፈቱት።

“የት ነው ያመመሽ? እግርሽ ነው? ወገብሽ ነው? ተናገሪ!”

መቅደስ ታለቅሳለች። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ልጃቸው ስታለቅስ ካዩ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ መላ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ታለቅሳለች።

“አጥንትሽ ነው? መቅደስ!”

“አልታቀፍኩትም፣ እማዬ።”

“ማንን?”

“ነርሷ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ትይዢዋለሽ ወይ አለችኝ። ጊዜ አለሽ፣ የፈለግሽውን ያህል መያዝ ትችያለሽ አለችኝ። አልፈልግም አልኳት። ፊቱን እንኳ አላየሁትም። ፈራሁ። ነውር መሰለኝ። ሞቶ የተወለደ ልጅ ይታቀፋል አይታቀፍም፣ ምን ይደረጋል... የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ማኑም አያውቅም። ለአንቺ ልደውልልሽ ስልኩን አንሥቼ ነበር። አይነገራት አሉኝ።”

ወይዘሮ ኤልፍነሽ አንድ ነገር ሊሉ ፈለጉ። ይታቀፋል! ለምን አይታቀፍም! እኔ ብሆን ታቅፌው፣ ስሜው፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ እሰጥሽ ነበር! አንድ ቃል፣ አንድ ስልክ ብቻ! ይኼ ሁሉ ደረታቸው ውስጥ ሞላ፤ ለልጃቸው ግን የሚሆን አልነበረም። ለእሷ የሚሆነውን እጃቸው ቀድሞ አወቀው። በረዶው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡና ልጃቸውን፣ ያን የምታህል ትልቅ ሴት፣ ከነአንድ ስኪዋ ጎትተው ጭናቸው ላይ አስተኟት። ራሷን ደረታቸው ላይ ያዙ። “ልጄን” አሉ፤ ማንን ማለታቸው እንደሆነ እሳቸውም አልለዩትም። ድምፃቸው ከዚያ ወዲያ ልቅሶ ሆነ። ሙሾ አያውቁም የሚባሉ ሴት አልነበሩም፤ የያዙትን ሁሉ በሸለቆው ለቀቁት። ውሻው ከግንዱ ሥር ተጋድሞ፣ አፍንጫውን በረዶ ላይ ጥሎ ያያቸዋል።

በመንገዱ በስኪ የሚያልፉ ፈረንጅ ባልና ሚስት ቆሙ። ሴትዮዋ ዱላዋን ተደግፋ ደህና መሆኗን በትሕትና ጠየቀች፤ “ኢዝ ሺ ኦኬ?”

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ቀና አሉ። በዚህ አገር በኖሩበት ጊዜ ሁሉ በእንግሊዝኛ ለማንም መልስ ሰጥተው አያውቁም፤ ፈገግ ይሉና ያልፋሉ።

“ኖ!” ብለው ጮኹባት። “ኖ ኦኬ! ኖ ኦኬ!”

ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ባልዋ እጇን ይዞ ወሰዳት።

አቶ ሰብስቤ እየተደናቀፉ ደረሱ። ሱሪያቸው ርሷል፣ ባርኔጣቸው ጎብጧል። ከሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ዳኝነቱን ይቀጥሉ? አምቡላንስ ይጥሩ? እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲንሰቀሰቁ ጥቂት ቆመው አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት።

“አሁን መጡ?” አሉ ወይዘሮ ኤልፍነሽ።

አቶ ሰብስቤ አቀረቀሩ።

“ይቀመጡ እንግዲህ። የልጅ ልጄ ሞቷል።”

አቶ ሰብስቤ በሙሉ ልብሳቸው በረዶው ላይ ተቀመጡ።